ሃያ ስድስት ዓመት ያልተቀመጠው ዳኛ

ኖርሙሮድ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አየሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይንገረኝ፤ ዋሾ እለዋለሁ። እኛ የአቅቡሎቅ መንደር ሰዎች ያን ሰው የምናውቀው ቆሞ ነው። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፣ ዳቦውን ቆሞ ይቆርሳል፣ ለቅሶ ቤት ሁሉም ምንጣፉ ላይ ሲደረደር እሱ በር ላይ የሰው ጫማ እያስተካከለ ይቆያል። ግቢው ውስጥ፣ እንጆሪው ዛፍ ሥር፣ ሰፊ የእንጨት መደብ አለ። ሚስቱ ኦይሱሉቭ በየጸደዩ አዲስ ፍራሽ ታነጥፍበታለች። እንግዳ ተቀምጦበታል፣ የልጅ ልጆች ተኝተውበታል፣ አንድ ጊዜ የጎረቤት ፍየል ሳትቀር ወጥታ አመስኩታበታለች፤ ባለቤቱ ግን ቂጡን አሳርፎበት አያውቅም። መንደሩ "ሰጋሩ" የሚል ስም አወጣለት፤ እንደ ሰጋር ፈረስ ሲረግጥ ውሎ ሲረግጥ ስለሚያመሽ።

"የሳናም አባት፣ አንዴ እንኳ ይቀመጡ እንጂ! እርስዎን ሳይ እኔን ይደክመኛል" ትለዋለች ኦይሱሉቭ። ባሏን በልጃቸው በሳናም ስም እንጂ በገዛ ስሙ ጠርታው አታውቅም፤ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

"እግሬ ይፍታታ ብዬ ነው።"

"ሃያ ስድስት ዓመት ያልተፍታታ እግር ምን ዓይነት እግር ነው? ይቆረጥ!"

ነገሩ የእግር አልነበረም። ኦይሱሉቭም ታውቃለች፤ ግን ነገር ካላሳሳቁት ቤት አይቆምም።

ኖርሙሮድ የሠርግ አጋፋሪ ነበር። አጋፋሪ ስላችሁ እንግዳ የሚያስገባውን ብቻ ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር ሠርግ ያለ ኩራሽ ሠርግ አይባልም፤ ኩራሽ ትግላችን ነው። የትግሉን ክብ የሚያስከብር፣ ሽልማቱን በጩኸት የሚያስታውቅ፣ ፖልቮኖቹን አጣምሮ የሚያታግልና ማን እንደወደቀ የሚፈርድ አጋፋሪው ነው። ፖልቮን የምንለው ታጋዩን ነው። ደንቡን ሕፃን ያውቀዋል። ከወገብ በታች አይያዝም፣ መሬት ላይ አይታገሉም፣ ጀርባው ሙሉ በሙሉ መሬት የነካ ተሸነፈ። ያን ጊዜ አጋፋሪው እጁን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ "ሃሎል!" ይላል። ንጹህ ማለት ነው። በደንብ የታረደ ሥጋ ሃሎል ነው፣ በላብ የመጣ ዳቦ ሃሎል ነው፣ የማይዋሽ ሰው ሃሎል ነው። ለአወዳደቅም ሌላ ቃል አልፈለግንለትም።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ጀርባው መሬት የነካ ፖልቮን፣ ዳኛው አየም አላየም፣ ተነስቶ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና እሱ ራሱ "ሃሎል" ይላል። ለጣለው ሰው የሚሰጠው የመጨረሻ ክብር ነው። እጁ ደረቱ ላይ ካልወጣ፣ ወይ አልወደቀም፣ ወይ ነውረኛ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በጋራ እርሻው ዘመን ነው። የእርሻው ሊቀመንበር ልጁን ዳረ። ለአሸናፊ የተዘጋጀው የሁለት ዓመት ወይፈን ነበር፤ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች የሊቀመንበሩ የእህት ልጅና የእኛው ሳፋር ነበሩ። ሳፋርና ኖርሙሮድ በአንድ ቦይ ዋኝተው ያደጉ ናቸው። ሳፋር ሲታገል የሚያምር ልጅ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ነበር የሚያየው።

ሁለቱ ተያያዙ። አቧራው ተነሳ። ሳፋር ሰውየውን ወገቡ ላይ አውጥቶ፣ ሰውየው ደግሞ አንገቱን ቆልፎበት፣ ተጣብቀው አየር ላይ ሲወጡ ከኋላ ሊቀመንበሩ "ኖርሙሮድ!" ብሎ ተጣራ። በዚያን ጊዜ ሊቀመንበር ጠርቶት ዞር የማይል ሰው አልተወለደም። ኖርሙሮድ ዞረ። ለእንግዶቹ ሻይ እንዲታዘዝ ነበር የተፈለገው፤ ሻይ! ከጀርባው "ዱብ" የሚል ድምፅ ሰማ። ሲመለስ አቧራ ብቻ ነው። አቧራው ውስጥ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ከላይ ነው፣ ሳፋር ከታች ነው፤ ግን ሳፋር በጀርባው ወድቆ ነው ወይስ በጎኑ ወድቆ ተገልብጦ ነው? ከተመልካቹ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ዝም አለ። ኖርሙሮድ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ቅንድቡን አነሳ።

"ሃሎል!" አለ የኖርሙሮድ አፍ። እጁም ተከትላ ወጣች።

ሳፋር ተነሳ። መንደሩ ሁሉ ቀኝ እጁን ነበር የሚያየው። እጁ ወደ ደረቱ አልሄደችም። መሬት ላይ ምራቁን ተፋ፣ ቆቡን አንስቶ አራገፈ፣ በሰዎቹ መሀል ሰንጥቆ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ የትግል ክብ ውስጥ አልገባም።

በቃ፣ ሰው ፈረደ። ሳፋር ተበደለ፣ ኖርሙሮድ ለሊቀመንበር አጎነበሰ። በየሠርጉ ለሳፋር ከምድጃ የወጣው የበግ ጎድን ይቀርብለታል፤ "ብላ ፖልቮን፣ የአንተን ወይፈን ሌላ በላው" እየተባለ። ኖርሙሮድን ግን ከአጋፋሪነት አላወረዱትም። ምን ይደረግ፣ ድምፁ ሦስት መንደር ይሰማል! እሱም ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ አንድ ጩኸት ጨመረ። እጁን ከማንሳቱ በፊት ክቡን እየዞረ "የወደቀ ይናገር! የወደቀ ይናገር!" ይላል። መንደሩ ይስቅበታል። የእኛ ልጆች መንገድ ላይ አደናቅፏቸው ሲወድቁ እንኳ "የወደቀ ይናገር!" ይባባላሉ።

የሚያስቆመው ይኼ ነበር። በድያለሁ ብሎ ቢያምን ይቅርታ ይጠይቅና ያርፋል። በትክክል ፈርጃለሁ ቢልም ይተኛል። እሱ ግን አላየም፤ ስላላየም አንዱንም መሆን አልቻለም። ያን ቀን ያለው ቃል እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቀው ሳፋር ብቻ ነው። ሄዶ እንዳይጠይቀው ደግሞ፣ "ወድቀህ ነበር ወይ?" ማለት "ሳላይ ፈርጃለሁ" ብሎ ማመን ነው። ስንቴ እስከ ሳፋር በር ሄዶ ተመልሷል! መንገድ ላይ ሲገናኙ "አሰላሙ አለይኩም"፣ "ወአለይኩም አሰላም" ይባባላሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።

"ሳላውቅ ልሞት ነው" ይላል ለኦይሱሉቭ።

"እኔስ የምፈራው ሳይቀመጡ መሞትዎን ነው፤ ቆሞ የሞተ ሰው እንዴት ነው የሚከፈነው?" ትለዋለች።

ጊዜው ሄደ። ሊቀመንበሩ ሞተ፣ የእህቱም ልጅ ሞተ፣ የጋራ እርሻው ፈረሰ፣ ነፃነት መጣ። ቀጥሎ ከዋና ከተማው ቦርሳ የያዙ ሰዎች መጡና የመንደራችንን ትግል መጽሐፍ አደረጉት። ሰማያዊና አረንጓዴ ጃኬት፣ ቀይ መቀነት፣ በደቂቃ የሚለካ ሰዓት። ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና የሚባል ነገር በቴሌቪዥን መጣ። ጃፓኑ፣ ቱርኩ፣ ሞንጎሉ፣ ከየት እንደሆነ እንኳ የማናውቀው ቦሊቪያዊ ሳይቀር የእኛን ጃኬት ለብሶ ሲያጎነብስ አየን። ደስ አለን፤ ትንሽ ደግሞ ቀናን፤ የገዛ ሚስትህን ሌላ ሰው ቆንጆ ናት ሲልህ እንደሚሰማህ ዓይነት። ዳኞቹ ከየትም አገር ይምጡ በእኛ ቃል እንዲፈርዱ ስለተወሰነ፣ አንዱ ፈረንጅ "ካሎል!" ብሎ ሲጮህ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ቃሉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የየመንደሩ አጋፋሪዎች ለፈተና ተጠሩ። ኖርሙሮድም ሄደ። ወንበር ቀረበለት፤ አልተቀመጠም።

"ስንት ዓይነት ነጥብ አለ?" አለው ፈታኙ፣ ከረባት ያሰረ ወጣት።

"አንድ ነው። ወደቀ ወይም አልወደቀም።"

"አካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መጽሐፉ እኮ ሦስት ይላል። ሙሉው አለ፣ የጎን አለ፣ ጅምር አለ። በጎኑ ቢወድቅስ?"

"ተነስቶ ይታገላላ! በጎኑ የማይወድቅ ማን አለ? አንተ በጎንህ አልወደቅክም?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በቴሌቪዥን አርባ ውድቀት አሳዩት። ሠላሳ ዘጠኙን ሳይሳሳት ፈረደ። በአርባኛው ላይ የአንደኛው ታጋይ ትከሻ ሌላውን ጋርዶት ነበር።

"አላየሁም" አለ ኖርሙሮድ።

"ዳኛ አላየሁም አይልም፣ አካ።"

የኖርሙሮድ ፊት ተለወጠ። "ስማ የእኔ ወንድም፣ ይችን ቃል ያልለመደ ዳኛ አገር ያጠፋል። ከፈለግህ ጣለኝ። አላየሁም አልኩህ፣ አላየሁም!"

አሳለፉት። ከረባት ያለው ልጅ በኋላ እንደነገረን፣ ያን ቀን ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ "አላየሁም" ያለ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ ገምተዋል።

ይኼ ከሆነ በዓመቱ ዓለም አቀፉ ውድድር ወደ እኛ ክፍለ አገር፣ ወደ ተርሚዝ ከተማ መጣ። የሳፋር ልጅ ኡሮል ደግሞ ሊታገል ተመረጠ። ኡሮል አባቱን ቁጭ ነው፤ ያው ትከሻ፣ ያው ወገብ ላይ የሚያወጣ አያያዝ። መንደሩ በሦስት አውቶቡስ ተጭኖ ወረደ። ሳፋርም አዲስ ካባ ለብሶ አውቶቡሱ ውስጥ ከሁሉም ፊት ተቀመጠ። "ዛሬ የአባትየው ወይፈን ይመለሳል!" ይባል ነበር በየአውቶቡሱ። ኖርሙሮድ ይኼን እየሰማ፣ የአውቶቡሱን ብረት ይዞ፣ ቆሞ ተጓዘ። ባዶ መቀመጫ ሞልቶ ነበር።

ኡሮል አንዱን ጃፓን ጣለ፣ አንዱን ቱርክ ጣለ፣ ለመጨረሻው ደረሰ። ተጋጣሚው አንገቱና ጭንቅላቱ እኩል የሆነ ጆርጂያዊ ነው። ጨዋታውን እንዲመራ የተመደበው የውጭ አገር ዳኛ ግን በዋዜማው ከሐብሐብ ላይ ቀዝቃዛ እርጎ ደርቦ ሆዱን አሞት ተኝቷል። ዋናው ዳኛ በተጠባባቂ ዳኞቹ ላይ ዓይኑን ሲያዞር ቆሞ ያገኘው ማንን ነው? ሌላው ሁሉ ተቀምጧላ።

"አንተ፣ ግባ!"

ኖርሙሮድ ደነገጠ። "ጌታዬ፣ ልጁ የመንደሬ ልጅ ነው። አይሆንም።"

"ሁለቱ የጎን ዳኞች የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ብታዳላ ያዩሃል። ዘመድህ ነው?"

"አይደለም።"

"ጠላትህ ነው?"

"እሱን እንኳ አላወቅሁም" አለ።

"ሰውዬ፣ ለቀልድ ጊዜ የለኝም! ቴሌቪዥኑ እየጠበቀ ነው፤ ግባ!"

ገባ። ምንጣፉ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳፋር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቀጥታ እሱን ያየዋል። ልጁን አይደለም፣ እሱን! "ያ አላህ፣ ይኼን ሁሉ ሰው ትተህ እኔን?" አለ ኖርሙሮድ በሆዱ።

ትግሉ ተጀመረ። ሰማያዊ ለባሹ ኡሮል፣ አረንጓዴ ለባሹ ጆርጂያዊው። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ በጎን ወደቁ፣ እኩል ሆኑ። ሃያ ሰከንድ ሲቀር ኡሮል የአባቱን አያያዝ ያዘ። ስድስት ሺህ ሰው ብድግ አለ። ሰውየውን ወገቡ ላይ አወጣው፤ ሰውየው ደግሞ አንገቱን ቆልፎበት አብሮ ወጣ። ተጣብቀው አየር ላይ ሆኑ። አንድ ሰው ከኋላ "ዳኛ!" ብሎ ጮኸ። ኖርሙሮድ አልዞረም። በጉልበቱ ወደቀ፣ ጉንጩን ምንጣፉ ላይ ለጠፈ፣ ዓይኑን በለጠጠ።

አየ። አየር ላይ ተገለበጡ፤ መጀመሪያ ምንጣፉን የመታው የኡሮል ጀርባ ነው። ሁለቱም የትከሻ አጥንቶቹ፣ ቷ! ከዚያ ተንከባለሉና ኡሮል ከላይ ሆነ። ከተመልካቹ በኩል የሚታየው ይኼ የኋለኛው ብቻ ነው። "ሃሎል! ሃሎል! ኡሮል!" አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ከጎን ዳኞቹ ካዛኩ ለሰማያዊው አመለከተ፣ ሞንጎሉ ለአረንጓዴው። መሀል ላይ የቀረው የኖርሙሮድ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ሰውየውን እዘኑለት። ያቺ እጅ ወደ ሰማያዊው ብትነሳ ማንም አይጠይቀውም፤ አገር በአበባ ይሸከመዋል፣ ሳፋር ይስመዋል፣ የሃያ ስድስት ዓመቱ ዕዳ በአንድ ትንፋሽ ይዘጋል። ልቡ "አድርገው! ከአባቱ የወሰድከውን ለልጁ መልስ!" ትለዋለች። እሱ ደግሞ መለሰላት፤ "ወስጄ ከሆነ እኮ ነው! መውሰዴን እንኳ አላውቅም። ይኼን ግን አይቻለሁ።" ወይ ማየት! ሃያ ስድስት ዓመት ባለማየት ተቃጠለ፣ ዛሬ ደግሞ በማየት።

እጁን ወደ አረንጓዴው ዘርግቶ ወደ ላይ ቀጥ አደረጋት። "ሃሎል!" አለ፤ ያ ሦስት መንደር የሚሰማ ድምፁ ተሰነጠቀ።

ስድቡን ሁሉ አልነግራችሁም። "ዓይንህን ቁራ ይብላው!" "አንተ ሰጋር፣ ዛሬስ የማን ሊቀመንበር ጠራህ?" "አባቱን በልተህ ልጁን ደገምክ!" የሐብሐብ ልጣጭ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ቆብ፣ የአንዱ ጫማ ሳይቀር ምንጣፉ ላይ ዘነበ። የእኛው መንደር ነበር ግንባር ቀደሙ፤ እኔም ቆቤን ወርውሬያለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ኡሮል መሀል ላይ ቆሟል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝም ቢል አገር ከእሱ ጋር ነው። ዳኛውን አየው። ወደ ረድፎቹ ቀና ብሎም አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገ።

"ሃሎል" አለ ለጆርጂያዊው፣ ጎንበስ ብሎ።

የሚወረወረው ሁሉ ቆመ። እጅ ደረት ላይ ከወጣ በኋላ ምን ይባላል? ቆቤን ልለቅም ስወርድ ኖርሙሮድን አየሁት፤ ሦስተኛውን ረድፍ ያያል። የሳፋር ቦታ ባዶ ነበር።

በማግስቱ መንደሩ ኩርፊያ ላይ ዋለ። ዳኛው ልክ መሆኑ ገብቶናል፤ ግን ልክ በሆነ ሰው ላይ መናደድ ከሁሉ ይብሳል። ዳቦ ሻጯ ለኖርሙሮድ ከታች ያረረውን ሰጠችው። እሱ ዳቦውን ይዞ እንጆሪውን ዛፍ ይዞራል። ሠላሳ ዙር፣ አርባ ዙር። "የት ሄደ? ለምን ወጣ?" ይላል።

"ሽንቱ መጥቶ ይሆናል፤ ሰው አይደለም እንዴ?" አለች ኦይሱሉቭ።

እኩለ ቀን ላይ ሳፋር መጣ። በር አላንኳኳም፤ እንደ ልጅነታቸው በቦዩ በኩል ዘሎ ገባ። ኦይሱሉቭ ሻይ አስቀመጠችና ወደ ዳቦ ምድጃው ጀርባ ሄደች። የሄደችው ለመስማት ነው፤ ይኼን ሁሉ የማውቀው በእሷ ነው።

ሳፋር መደቡ ላይ ተቀመጠ። "ተቀመጥ" አለ።

"እቆማለሁ።"

"እንግዲያው ቁም። ልጄ ትናንት ወደቀ?"

"ወደቀ።"

"አየህ?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አየሁ! ሁለቱንም የትከሻ አጥንቶቹን አየሁ። ልትመታኝ ከመጣህ ምታኝና ይውጣልህ!"

"ማየትህን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ልጄን ሲያይ እኔ አንተን ነበር የማየው። ጉንጭህን ምንጣፉ ላይ ለጥፈህ የቀበሮ ጉድጓድ እንደሚያይ ሰው ስታይ።" ሳፋር የሻዩን ጽዋ አዞረ። አልጠጣም። "በዚያ ሠርግም አንተን ነበር የማየው።"

ሲረግጥ የነበረው ኖርሙሮድ ቆመ።

"አየር ላይ ሆኜ፣ አንገቴን ቆልፎኝ፣ አንተን ፈለግሁ። ጀርባህን አየሁ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረሃል። ከዚያ እኔም ወደቅሁ።"

"እንዴት?" አለ ኖርሙሮድ። "በምንህ?"

"በጀርባዬ። ሙሉ። እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ።"

ምድጃው ጀርባ የነበረችው ኦይሱሉቭ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ወድቀህ ነበር?" አለ ኖርሙሮድ። "ወድቀህ ነበር! አንተ ውሻ! ሃያ ስድስት ዓመት! እንቅልፌን በላህ፣ እግሬን በላህ! በርህ ድረስ እየመጣሁ ስመለስ በመስኮት ታየኝ ነበር አይደል?"

"አይህ ነበር።"

"ታዲያ እጅህ ተቆርጣ ነበር? ደረትህ ጠፍቶህ ነበር?"

"እጄ ልትነሳ ነበር፤ ወላሂ ልትነሳ ነበር። 'ይኼ ሰው ሳያይ ፈረደብኝ፤ ላላየ ሰው ምን ብዬ እመሰክራለሁ' አልኩና ተናደድኩ። ንዴቱ በማግስቱ በረደ። ግን በማግስቱ ሰው ሁሉ እያቀፈ 'ተበደልክ ፖልቮን' ይለኝ ጀመር። የበግ ጎድኑ መጣ፣ የፊት ወንበሩ መጣ። ጣፈጠኝ፣ ኖርሙሮድ። እንደገና ብታገል እወድቅ ይሆናል፤ ተበዳይ ግን አይወድቅም። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ልናገር አልኩ፤ ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ምን ብዬ ልናገር?"

ኖርሙሮድ ሊሰድበው አፉን ከፈተ፤ ሳፋር ቀደመው።

"ቃልህ እውነት ነበር። አንተ ግን ሃሎል አልነበርክም። ይኼን ልንገርህ ብዬ ነው የመጣሁት። ያን ቀን እኔም አልነበርኩም።" ከመደቡ ወረደና ቆመ። "ትናንት ልጄ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ መቀመጥ አቃተኝ። ማን አስተማረው? እኔ አላስተማርኩትም፤ በምን አፌ! አንተ ነህ፤ በየሠርጉ 'የወደቀ ይናገር!' እያልክ ስትጮህ እየሰማ ነው ያደገው። እኔ በልጄ ፊት በአንተ ጩኸት ስቄያለሁ። የጣለኝ ሰውዬ ሞቷል። ለአንተ ነው የምለው።"

ቀኝ እጁን አነሳ። ትከሻው ድሮ ተጎድቶ ስለነበር ቀስ ብላ ነው የወጣችው። አዲሱ ካባው ደረት ላይ አሳረፋት።

"ሃሎል" አለ።

ኖርሙሮድ የሚያነሳው እጅ አጣ። ኋላው መደቡን አገኘና ቁጭ አለ። ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም አለች ኦይሱሉቭ። ሳፋር ጎኑ ተቀመጠ። ኖርሙሮድ ቆቡን ሳያነሳ "ትናንትስ?" አለ።

"ትናንት ሁለታችሁም ሃሎል ነበራችሁ" አለ ሳፋር። "አንተም፣ ልጄም።"

ኦይሱሉቭ ከምድጃው ጀርባ ብቅ አለች። "የሳናም አባት፣ እንዳይነሱ! ወላሂ ከተነሱ ፍራሹን አቃጥለዋለሁ!" ብላ ሻዩን አሙቃ መለሰችው። ቀዳችለት። ተቀምጦ ጠጣው፤ አንድ ጽዋ፣ ሁለት ጽዋ፣ ሦስት።

እኔ አላየሁም። ያየችው ኦይሱሉቭ ናት፤ እሷን ደግሞ ዋሾ ማለት አልችልም። መጀመሪያ ላይ ያልኩትን አንሱልኝ። ላላየሁት ነገር እንዳልፈርድ ያስተማረኝ እሱው ነው።